የሰፈር ግሩፕን በበጎ ፈቃድ ማስተዳደር፦ ለባሕር ዳር አድሚኖች የተዘጋጀ መመሪያ

በባሕር ዳር የሚከራይ ቤት የሚፈልግ፣ ወድቆ ያገኘውን መታወቂያ ለባለቤቱ ሊመልስ የሚሻ፣ መብራት የጠፋው በእሱ ቤት ብቻ እንደሆነ ማጣራት የፈለገ ወይም ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ የሚጠይቅ ሰው ዛሬ ቀድሞ የሚከፍተው የሰፈሩን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። የቀበሌ 14 ነዋሪዎች፣ የአንድ ኮንዶሚኒየም ጎረቤታሞች፣ በአንድ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ጓደኛሞች፣ የዓሣ ነጋዴዎች ሁሉ እንዲህ ያለ መገናኛ ያስፈልጋቸዋል። ከእነዚህ ግሩፖች ጀርባ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ብዙ ጊዜም ምስጋና የማይደርሳቸው አድሚኖች አሉ። ይህ ጽሑፍ ለእነሱና ነገ ኃላፊነቱን ለሚረከቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አድሚኑ ሥልጣኑ ከማን እንደመጣ ሊያውቅ ይገባል። መልእክት መሰረዝና ሰው ማስወጣት በአንድ ንክኪ የሚፈጸም ነገር ነው፤ አባላት ግን ውሳኔውን እንደ ፍርድ የሚቀበሉት ደንቡን አስቀድመው ካወቁት፣ ምክንያቱ ከተነገራቸውና ቅሬታ የሚያሰሙበት በር ክፍት ከሆነ ብቻ ነው። ይህ በሌለበት የሚወሰን ውሳኔ ትክክል ቢሆን እንኳ እንደ ጉልበት ይቆጠራል፤ ከሁለትና ከሦስት እንዲህ ያለ ውሳኔ በኋላም አባላቱ ተከፍለው ሌላ ግሩፕ ይከፍታሉ።

ሥራው ዋጋ ያለው ሥራ ነው

እ.ኤ.አ. በ2001 በተጀመረው ዊኪፔዲያ አዋኪ ተጠቃሚዎችን የሚያግዱትና ገጾችን የሚሰርዙት አስተዳዳሪዎች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አሜሪካን ኦንላይን የተባለው ኩባንያም የውይይት ክፍሎቹን ለዓመታት በሺዎች በሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ሲያስጠብቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት የቀድሞ በጎ ፈቃደኞች «የሠራነው የተቀጣሪን ሥራ ነው» ብለው ከሰሱት፤ ክርክሩ ዐሥር ዓመት ገደማ ወስዶ በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ደግሞ ሬዲት የተባለው የውይይት ድረ ገጽ ሌሎች የሠሯቸውን፣ ከእሱ ጋር የሚገናኙ መተግበሪያዎችን በከፍተኛ ዋጋ ለማስከፈል ሲወስን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ማኅበረሰቦችን የሚመሩ በጎ ፈቃደኞች ተቃውሟቸውን የገለጹት የሚያስተዳድሯቸውን መድረኮች ለጊዜው በመዝጋት ነበር።

እነዚህን ያነሣሁት የአድሚንነት ሥራ በትርፍ ሰዓት ስልክ ከመነካካት የተለየ መሆኑን አስቀድሞ መቀበል ስለሚያስፈልግ ነው። ሥራ መሆኑን ያልተቀበለ አድሚን ሰዓት አይመድብም፣ ተተኪ አያዘጋጅም፣ መዝገብ አይይዝም፤ በመጨረሻም ወይ ተሰላችቶ ይተወዋል፣ ወይ ግሩፑን እንደ ግል ንብረቱ ማየት ይጀምራል።

ደንቡን ከአባላቱ ጋር አውጡ

ደንብ ከመጻፋችሁ በፊት ግሩፑ ለምን እንደተከፈተ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስፍሩ። «ይህ ግሩፕ የሰፈራችን ነዋሪዎች ስለ ውኃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ጽዳት፣ ስለ ጸጥታና ስለ ኪራይ መረጃ የሚለዋወጡበት ነው» ከተባለ ብዙ ክርክር በዚያው ይቀራል፤ የእግር ኳስ ውርርድና የውጭ አገር ሥራ ማስታወቂያ ቦታቸው እዚህ አለመሆኑን ለማስረዳት ሌላ አንቀጽ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ረቂቁን ለአባላቱ አቅርቡና ቢያንስ አንድ ሳምንት አስተያየት ስጡበት በሏቸው። በዚህ ጊዜ በእድር ወይም በሰንበቴ ጸሐፊነት ያገለገሉ ሰዎችን ፈልጋችሁ ማማከር ይጠቅማል፤ መተዳደሪያ ደንብ ሲረቀቅ የትኛው አንቀጽ ጠብ እንደሚያመጣ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በደንቡ ውስጥ የሚገቡት ቃላት የሚታይና የሚዳሰስ ነገር የሚያመለክቱ ይሁኑ። «ጨዋነት ይጠበቅ» የሚለው ደንብ ሲነበብ ያምራል፣ በተግባር ግን እያንዳንዱ አድሚን እንደየስሜቱ እንዲተረጉመው ይዳርጋል። «የሌላ ሰው ፎቶግራፍ፣ ስልክ ቁጥር ወይም አድራሻ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይለጠፍም»፣ «የኪራይ ማስታወቂያ ሰፈሩን፣ ዋጋውንና የሚጠየቀውን ቅድሚያ ክፍያ ይገልጻል፤ ዋጋ በውስጥ መስመር የሚል ማስታወቂያ ይነሣል»፣ «የተገኘ መታወቂያ ሲለጠፍ ከስሙ በቀር ያለው ሁሉ ይሸፈናል» የሚሉት ግን አባሉም አድሚኑም በአንድ ዐይን የሚያያቸው ናቸው። የመጨረሻው በተለይ አስፈላጊ ነው፤ በቅንነት የተለጠፈ የመታወቂያ ፎቶ ቁጥሩና የትውልድ ቀኑ ሳይሸፈን ከቀረ ለአጭበርባሪ የተሰጠ ስጦታ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ኤሊኖር ኦስትሮም ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን፣ ማለትም የግጦሽ መሬትን፣ የመስኖ ውኃንና የዓሣ ማስገሪያን፣ ያለ መንግሥት አለቃና ያለ ግል ባለቤት እንዴት ጠብቀው እንደሚኖሩ በብዙ አገሮች አጥንተዋል። ጸንተው በቆዩት ዘንድ ካገኟቸው ባሕርያት መካከል ደንቡን የሚተዳደሩበት ሰዎች ራሳቸው ማውጣታቸው፣ ተቆጣጣሪው ለእነሱ ተጠያቂ መሆኑ፣ ቅጣቱ ከትንሽ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ማደጉ፣ እንዲሁም ክርክር በቅርብና በርካሽ የሚፈታበት መንገድ መኖሩ ይገኙበታል። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚወጡትን ዓሦች በወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ መያዝ ዘሩን እንደሚያመናምን አስጋሪው ያውቃል፤ ነገር ግን እሱ ብቻውን ቢታቀብ ጎረቤቱ እንደሚይዘው ስለሚያስብ አይታቀብም። በግሩፕ ውስጥ የሚያልቀው ሀብት የአባላቱ ትኩረት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ነጋዴ ለራሱ ጥቂት ደንበኛ ያገኛል፤ ሁሉም እንደ እሱ ሲያደርግ ግን አባላቱ ድምፁን ዘግተው ይተዉታል፤ ያን ጊዜ የውኃ መቋረጥ ማስታወቂያም የሚያነበው አይኖርም። ደንቡ የሁሉም መሆን የሚገባው ስለዚህ ነው፤ የተስማማ ሰው ሌላውም እንደሚታቀብ ያምናልና።

ቁልፎቹን በአግባቡ አከፋፍሉ

አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 አባላት ሊይዝ ይችላል፤ የሰፈር ግሩፕ ከዚህ እጅግ ቢያንስም አንድ አድሚን ብቻውን ሊጠብቀው አይገባም። ቢያንስ ሦስት፣ ቢቻል አምስት አድሚኖች ይኑሩ፤ ከእነሱም ውስጥ ሴቶች፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ነዋሪዎች፣ ቀን ሥራ የሚውሉና ማታ የሚመቻቸው ሰዎች ይካተቱ። ለሁሉም ሙሉ ሥልጣን መስጠት ግዴታ አይደለም። ለአንዱ መልእክት የመሰረዝ፣ ለሌላው አዳዲስ አባላትን የመቀበል መብት ብቻ መስጠት ይቻላል፤ አዲስ አድሚን የመሾም መብት ግን ከሁለት ሰው በላይ ባይኖረው ይመረጣል።

የግሩፑ ባለቤት የሆነው ሰው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን፣ ማለትም በስልክ ከሚላከው ኮድ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን፣ ዛሬውኑ ይክፈት። «ቁጥሬ ተሳስቶ አንተ ጋ ኮድ ተልኳል፣ እባክህ ላክልኝ» በሚል ማታለያ አካውንታቸው የተነጠቀባቸው ሰዎች በየሰፈሩ አሉ፤ የተነጠቀው የባለቤቱ አካውንት ከሆነ ግሩፑ በሙሉ አብሮ ይሄዳል። ባለቤትነትን ለሌላ ሰው ማስተላለፍም የሚቻለው ይህ ማረጋገጫ ቢያንስ 7 ቀን አስቀድሞ የተከፈተ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ በችግር ጊዜ ለመክፈት መሞከር አይረዳም።

ቴሌግራም አድሚኖች የፈጸሙትን፣ የተሰረዙና የተስተካከሉ መልእክቶችንም ጨምሮ፣ ለአድሚኖች የሚያሳየው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደሰረዘ ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ ለአድሚኖች ብቻ የሚሆን ትንሽ ግሩፕ ክፈቱና እያንዳንዱን እገዳ በሁለት መስመር መዝግቡ፤ ቀኑን፣ የተጣሰውን ደንብና የወሰነውን አድሚን መጻፍ፣ ከተሰረዘው መልእክት ስክሪንሾት ጋር፣ ይበቃል። ስም ሳይገልጹ በግሩፑ ስም መጻፍ የሚያስችለውን አማራጭ ግን እንዳትጠቀሙበት አጥብቄ እመክራለሁ። አድሚኑን ከስድብ ሊያድነው ቢችልም ተጠያቂነቱን አብሮ ይደብቃል፤ ፊት የሌለው ዳኛ የሚፈርድበት ሰፈር ደግሞ ለሐሜት የተመቸ ነው።

ከባዱ ጉዳይ ሲመጣ

ማታ 3 ሰዓት ላይ አንድ የተከበሩ አባት የአንድ ወጣት ፎቶ ለጥፈው «ይህ ሌባ ዛሬ ገበያ ውስጥ የልጄን ስልክ ወስዶ ተሰውሯል፣ ያየው ሰው ይያዘው» ብለው ጻፉ እንበል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንዱ «አውቀዋለሁ» ይላል፤ ሌላው የሚኖርበትን ሰፈር ይጠቅሳል፤ ሦስተኛው «እንሂድና እንያዘው» ይላል። ይህ የአድሚን ፈተና ነው፤ የሚጠፋው ጊዜ በሰው አካል ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ያቀርባልና።

መጀመሪያ ፎቶውንና ሰፈሩን የሚጠቁመውን መልእክት ስክሪንሾት ይዛችሁ ሰርዙ፤ ለዚህ የሌላ አድሚን ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም። ወዲያው ስሎው ሞዱን ክፈቱ፤ ከጥቂት ሰከንዶች እስከ 1 ሰዓት ባለው ልዩነት እያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጽፍ ስለሚያደርግ የተነሣውን ስሜት ማንንም ሳያስቀይም ያበርደዋል። ከዚያ በግሩፑ ውስጥ አባትየውን ሳትወቅሱ እንዲህ ጻፉ፦ «የሰው ፎቶ ከወንጀል ጋር ተያይዞ ስለተለጠፈ በደንባችን ቁጥር 3 መሠረት አንሥተነዋል። ስልክ የጠፋባቸውን ቤተሰብ በውስጥ መስመር እያነጋገርን ነው። እባካችሁ ማንም ሰው ወደተጠቀሰው ሰፈር እንዳይሄድ።»

ዋናው ሥራ የሚቀጥለው ግን በውስጥ መስመር ነው። «ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? በልጅዎ ላይ የደረሰው አሳዝኖናል። ፎቶውን ያነሣነው እርስዎን ስላላመንን አይደለም፤ ልጁ ሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ ወይም ሰው ቢጎዳው ነገሩ በእርስዎ ላይ ይመለሳል ብለን ነው። ፎቶው እኛ ጋ አለ፤ ለፖሊስ ሲያመለክቱ እንሰጥዎታለን። ከፈለጉ ከእኛ አንዱ ጠዋት አብሮዎት ይሄዳል።» እንዲህ የተነገራቸው ሰው ቢቆጡም አይዋረዱም። ያለ አንድ ቃል የተሰረዘባቸው ሰው ግን የተቆጡትን ያህል ይዋረዳሉ፤ በማግሥቱም ሰፈር ውስጥ የሚወራው አድሚኖቹ ለሌባ አደሉ ተብሎ ነው።

በዚህ ቦታ የአድሚኑ ሥልጣን የት ላይ እንደሚያበቃ ልብ በሉ። ልጁ ሰረቀ ወይም አልሰረቀም የሚለውን አይወስንም፣ ምስክር አይጠራም፣ አያስታርቅም። ዛቻ፣ በፎቶ ማስፈራራት፣ በሕፃን ላይ የሚደርስ ጥቃት ሲገጥምም እንደዚሁ ማስረጃውን አስቀምጦ ተጎጂው ወደ ፖሊስ እንዲሄድ ይረዳል።

ወሬ በሚበዛበት ጊዜ

በክልላችን ባለፉት ዓመታት እንደታየው የጸጥታ ችግር ባለበት ወቅት አንድ ያልተጣራ መልእክት መንገድ ሊያዘጋ፣ ሱቅ ሊያዘጋ፣ እናትን ልጇን ፍለጋ ከቤት ሊያስወጣ ይችላል። ለዚህ ጊዜ የሚሆነውን አሠራር በሰላሙ ጊዜ ወስኑ። የሚለጠፍ የጸጥታ መረጃ የት፣ መቼ እና በማን እንደታየ ካልገለጸ ይነሣል፤ ለጸሐፊውም «ራስህ አይተኸዋል ወይስ ሰምተኸዋል?» የሚል ጥያቄ በአክብሮት ይላክለታል። የታጣቂም ሆነ የሠራዊት እንቅስቃሴ ጨርሶ አይለጠፍ። ከሌላ ቻናል የተላለፈ ምስል በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የቆየ ፎቶ አዲስ መስሎ ሲዞር የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ያው ቦታው ላይ የሚኖር አባል ነውና ይህን አባል መጠየቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ሌሊት የሚጠብቅ አድሚን ከሌለ ግሩፑን ለጽሑፍ ዘግቶ ጠዋት መክፈት ነውር የለበትም።

ሕጉንም ማወቅ ያሻል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያደርሰዋል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ይዘት እንዲያነሡ ያዝዛል። አባላት ይህን ለማስፈራሪያ እንዲነገራቸው ሳይሆን ለራሳቸው ጥንቃቄ እንዲያውቁት በደንቡ ግርጌ ማስፈር ተገቢ ነው።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የባሕር ዳር ሰው አይረሳውም። አድሚኖች እርስ በርሳቸው በመደበኛ ስልክ የሚገናኙበት ዝርዝር በወረቀት ይኑራቸው። ኔትወርክ ሲመለስ የመጀመሪያው ሥራ ጊዜ ያለፈባቸውን ማስጠንቀቂያዎች መሰረዝና «ዛሬ ያለው ሁኔታ ይህ ነው» የሚል ቀን የተጻፈበት መልእክት ከላይ ፒን ማድረግ ነው።

ቅጣት፣ ቅሬታና ዝምድና

ቅጣት በውስጥ መስመር በሚሰጥ ማሳሰቢያ ይጀምር፤ ሁለተኛ ጊዜ ለአንድ ቀን፣ ሦስተኛ ጊዜ ለአንድ ሳምንት መጻፍ ይከልከል፤ ማስወጣት የመጨረሻው ይሁን። በዊኪፔዲያ እገዳ ጉዳትን ለመከላከል እንጂ ለመበቀል አይደለም የሚል መርሕ አለ፤ እኔም ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ሰውየው ጥፋቱን እንደማይደግም ካረጋገጠ የቀረችውን ጊዜ መጨረስ አይጠበቅበትም። በሐሰተኛ አካውንት ገብቶ የማጭበርበሪያ ሊንክ የሚበትን ግን ደረጃ አያስፈልገውም፤ ወዲያው ይውጣ።

ባሕር ዳር ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ነገ የምታግዱት ሰው አከራያችሁ፣ የክርስትና አባታችሁ ወይም የአለቃችሁ ወንድም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ጉዳዩን ለሌላ አድሚን አስተላልፉና ማስተላለፋችሁንም ግለጹ። ቅሬታ ሲቀርብም የሚያየው ያገደው አድሚን መሆን የለበትም፤ ከቀሩት ሁለት ሰዎች መዝገቡን አይተው በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ይስጡ፤ ውሳኔው ከተሻረም መሻሩ በግሩፑ ውስጥ ይነገር።

ገንዘብን በተመለከተ አቋሜ የጠበቀ ነው። ከደላላም ሆነ ከነጋዴ ማስታወቂያ ፒን ለማድረግ በስጦታም ሆነ በቴሌብር የሚመጣ ክፍያ አድሚኑ በግሉ አይቀበል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል በሰፈር ግሩፕ ውስጥ ቦታ ሊያገኝ አይገባም፤ አንድ ጊዜ የተከፈለበት ፒን ከታየ በኋላ ያልተከፈለበት ውሳኔ ሁሉ ይጠረጠራልና።

ራሳችሁን ጠብቁ፣ ተተኪም አዘጋጁ

ተራ አውጡ፤ ተራው ያልደረሰ አድሚን የግሩፑን ድምፅ ዘግቶ ይተኛ። ሴት አድሚኖች ሌሎች በማይቀበሉት መጠን በውስጥ መስመር ስድብና የማይገባ መልእክት እንደሚደርሳቸው አውቃችሁ፣ አባላት ቅሬታቸውን ለግለሰብ አድሚን ከመላክ ይልቅ ሁሉም አድሚኖች በጋራ በሚያዩት አካውንት እንዲያቀርቡ አድርጉ።

አድሚንነት የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ አንድ ዓመት ይበቃል። የሚለቀው ሰው መዝገቡን፣ ያላለቁ ቅሬታዎችን፣ ግሩፑን በራሱ የሚያግዝ ፕሮግራም (ቦት) ካለም ቅንብሮቹን አስረክቦ፣ የአድሚን መብቱን አስወርዶ እንደ ተራ አባል ይቀጥል። ተረካቢው በደንቡ ጉዳይ ላይ አስተያየት ሲሰጡ ከነበሩት፣ በተለይም በአንድ ወቅት ቅሬታ አቅርበው በጨዋነት ከተከራከሩት አባላት መካከል ቢመረጥ መልካም ነው፤ የመጀመሪያውን ወር ከነባሩ አድሚን ጋር በአንድ ተራ ይሥራ፤ ባለቤትነቱም የሚተላለፍለት ይህ ወር ካለቀ በኋላ ይሁን።